ከኩርባው በላይ ያለው ጉድጓድ

ከአረንጓዴው መጋረጃ ጀርባ የሰማችውን ንግግር ዛሬ በቅደም ተከተል ላስታውሰው ብትል አይሆንላትም። አሥራ አራት ዓመት ቀላል አይደለም። የሆስፒታሉ ወለል ገና ተወልውሎ እርጥብ እንደነበረ፣ የአባቷ ቦት ጫማ ጫፍ ከመጋረጃው ሥር ወጥቶ ይታይ እንደነበረ፣ ጫማው ላይ ሬንጅ ደርቆ እንደነበረ፣ ይሄ ይሄ አልጠፋትም። ቃሉ ነው የሚሸራረፍባት። «ምን ጣለህ?» አሉ አባቷ። ወንድሟ አፉ በመድኃኒት ከብዶት «ጉድጓድ ነው» አለ። «የቱ ጋ?» «ከኩርባው በላይ። ዳገቱ የሚያልቅበት ጋ።» አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ እኔ በሕይወት እያለሁ እዚያ ነገር ላይ እንዳላይህ» አሉ። ወንድሟ «እሺ» ይበል ዝም ይበል፣ እስከ ዛሬ ልታስታውሰው ያልቻለችው እሱን ነው። ያኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆማ፣ ውሃ የሞላ ኮዳ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጉድጓድ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቤተሰቡ መልሱን «እሺ» ነው ብሎ ያዘው። ብስክሌቱ ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወንድሟ የተሰበረው ትከሻው ሲጠግግለት ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ቆጣሪ አንባቢ ሆነ፤ ከበር በር በእግሩ እየዞረ፣ በሰው ግቢ ጎንበስ ብሎ ቁጥር የሚጽፍ ሰው። አባትየው ሃያ ስድስት ዓመት የአስፋልት ጠጋኞች ካቦ ሆነው የሠሩበትን የመንገድ ጥገና ሥራ፣ የጡረታ ጊዜያቸው ሳይደርስ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። እሷ ደግሞ የፊት ለፊቱን ክፍል ወደ መንገድ መስኮት አውጥታ የስፌት መኪናዋን እዚያ ተከለች። አላገባችም፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ሥራ በዝቶብኛል አለች። ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ትቀመጣለች። «ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ እውላለሁ፣ ማታ ስቆም ያው የተነሳሁበት ቦታ ነኝ» ትላለች ለደንበኞቿ። ይስቁላታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው የተቀዳደዱ ማሊያዎች የሞሉበት ጆንያ ተሸክሞ መጣ። እሱ ከመታየቱ በፊት ነው የሚሰማው፤ ግራ እግሩ ውስጥ ብረት ስላለ አረማመዱ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል ነው። ያኔ ወንድሟ ሲወድቅ ከኋላው ይከተል ነበርና በላዩ ላይ ተገልብጦ ጭኑ ተሰበረ። በስድስተኛው ወር ተመልሶ ብስክሌት ላይ ወጣ፤ አሁን የሰፈሩ የብስክሌት ቡድን ሰብሳቢ እሱ ነው። ቡድን ይባል እንጂ ሁለት አስተማሪ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ የባንክ ዘበኛ፣ የቀሩት ደግሞ ሚስቶቻቸው እሁድ እሁድ የት እንደሚሄዱ የማይጠይቋቸው ሰዎች ናቸው። ሽልማቱ አንድ ዋንጫ ነው፤ እሱም ከላዩ የተላጠ።

«እንደምን አደርሽ እታለም! ቁስለኞች አምጥቼልሻለሁ» አለ፣ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ እየዘረገፈ። «ነገ ትልቁ ውድድር ነው። እስከ ማታ ካልደረሱልን ራቁታችንን ነው የምንሄደው።»

«አንተ ራቁትህን ከወጣህማ ውድድሩ ይቆማል።»

«አይቆምም። ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔ አንደኛ እወጣለሁ።»

የእሷ ዋጋ የሚለካው በዳቦ ነው፤ እጀታ ማሳጠር ሁለት ዳቦ፣ ዚፕ መቀየር አምስት፣ የተቀደደ ማሊያ ሦስት። የጋጋሪውን የግሉን ግን በነፃ ነው የምትሰፋው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሌም እንደዚያው ነው። እሱ የእግሩ ነገር አሳዝኗት ይመስለዋል። ማሊያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው። በዚህ ሥራ ብዙ ከመቆየቷ የተነሳ ቀዳዳውን አይታ አወዳደቁን ትናገራለች። ቁልቁለት ላይ የወደቀ ሰው ልብሱ በረጅሙ ይላጣል። ኩርባ ላይ ጠጠር የከዳው ዳሌው ላይ በክብ ይበላል። ከፊቱ ካለው ጎማ ጋር ተነካክቶ የተዘረረ ደግሞ ክርኑና ትከሻው አንድ ላይ ይሄዳል። «ይሄ መዳፉም ተልጧል» ብላ አንዱን ወደ ጎን አኖረች። ጋጋሪው ራሱን ነቀነቀ፤ ጠንቋይ ነሽ ማለቱ ነው።

ከሥር አንድ ሰማያዊ ማሊያ ወጣ። ቀኝ ዳሌው ላይ በክብ ተበልቷል፤ አዲስ ነው፣ የአስፋልቱ ጥቁረት ገና አልለቀቀውም። ቀላል አወዳደቅ ነው። ወደ ብርሃን ስታነሳው ግን እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ብብቱ ሥር ያለው ስፌት ነጭ ነበር። ድሮ ለወንድሟ ስትሰፋ ሰማያዊ ክር አልቆባት በነጭ የጨረሰችው የራሷ ስፌት ነው።

«ይሄ የማነው?»

«የአንድ ሽማግሌ ነው።»

«ሽማግሌው ስም የለውም?»

ጋጋሪው ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ መሸሻ አጣ። «እኛ ቤት ነበር የሚያስቀምጠው። ሚስቴ ናት የተቀደደ ያየችውን ሁሉ ጠቅጥቃ የከተተችው። ጉድ ሠራችኝ!» አለ፤ ከዚያ ተነፈሰና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንድሟ ሰባት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ በጓሮ በር ብስክሌቱን እያወጣ፣ ሁለት ሰዓት ነድቶ፣ መልሶ ሰቅሎ ወደ ሥራው ይሄድ እንደነበረ ነገራት። ቀን ቀን ብስክሌቱን ቦታው ላይ ስለሚያዩት ማንም አልጠረጠረም። ነገ ከአርባ ዓመት በላይ ያሉት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ ተመዝግቧል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል። አምና በሙቀት ሁለት ሰው ተዝለፍልፎ ስለወደቀባቸው ቡድኑ ደንብ አውጥቷል፤ ዳገቱ ላይ ውሃ የሚያቀብለው የራሱን ሰው ያላስመዘገበ ከመነሻው አያልፍም። «የሱ ወረቀት ላይ እዚያ ቦታ ባዶ ነው። እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ነው የምጠብቀው። ሚስቴን ልጻፍልህ ብለው፣ ተወው ክፍት ይሁን አለኝ።»

ማሊያውን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። «አንተስ» አለችው ቀና ሳትል፣ «ብረት እግርህ ውስጥ ይዘህ ምን አባክ ያመላልስሃል?»

ጋጋሪው ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ተወው። «እታለም፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሊጥ ነኝ። እሁድ አርባ ሰው አንድ መስመር ሆነን ስንሄድ የፊተኛው ነፋሱን ይሰብርልሻል፣ ከጀርባው ስትገቢ ትሳቢያለሽ፣ እግርሽ ያንቺ አይመስልሽም። የጎማው ድምፅ ሁሉ አንድ ይሆናል። ያኔ ሊጥ የለ፣ ምድጃ የለ፣ ብረት የለ። አልዋሽሽም፣ እፈራለሁ። አምና ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ ያልተነሳውን ልጅ ማሊያውን ሰፍተሽ ለእናቱ የመለስሽው አንቺ ነሽ። እፈራለሁ። ግን ሰኞ ገና ከእንቅልፌ ስነሳ እሁድ ይናፍቀኛል።» ተነሥቶ ባዶውን ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና አንድ ከባድ አንድ ቀላል እየረገጠ ሄደ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሟ የሚሠራው ግማሽ ቀን ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ገባ፤ እጁን ታጥቦ ሾርባና ዳቦ ወደቀረበበት ጠረጴዛ ሲመጣ ከሳህኑ ጎን ሰማያዊው ማሊያ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ጠበቀው። ቁጭ አለ። ማንኪያውን አነሳ። አባታቸው እንደ ልማዳቸው ከምሳ በፊት ለእግር ጉዞ ወጥተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ሰዓት በቀር የሚናገር አልነበረም። ይህ ቤት እንዲህ ነው። ሦስት ሰው በሦስት ክፍል ይኖርበታል፤ ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጊው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ይባባላሉ፣ ሌላው ነገር ሁሉ በግድግዳው በኩል ይተላለፋል። አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሬዲዮ ይከፍታል።

«ጋጋሪው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሚስቱ ናት።»

ፈገግ ሊል ጥቂት ቀረው።

«ሰባት ወር» አለች።

«ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን» አለ ቆጣሪ አንባቢው።

«ለምን ባዶ ተውከው?»

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። «የጋጋሪው ሚስት ልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆማልኛለች። ጎበዝ ናት፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። እኔ ነኝ። እጄን ስዘረጋ ዓይኔ አንቺን ይፈልጋል። ሦስቱንም ጊዜ ኮዳው መሬት ወደቀ።»

«አንተን የጣልኩህ እኔ ነኝ» አለች።

አሥራ አራት ዓመት ስትለማመደው የኖረችው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በጸሎቷ ላይ ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ሲወጣ ግን ከሾርባው በላይ እንደማንኛውም ነገር ተንሳፈፈ። ወንድሟ ሳህኑን እያየ፣ ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ በሰማችው በዚያው ድምፅ «ጉድጓድ ነው» አለ። «ጉድጓድ ነው እታለም። አለቀ።» ከዚያ ዳቦውን ሳይጨርስ ተነሣ፣ የቆጣሪ መዝገቡን ላስረክብ ብሎ ወጣ። ማሊያውን እዚያው ተወው።

ውሃ ማቀበል ቀላል ይመስላል። ኮዳውን በአንገቱ፣ በሁለት ጣት ጫፍ አላልተሽ ትይዣለሽ። ዳገቱ ላይ፣ ብስክሌቱ ቀስ በሚልበት ቦታ ትቆሚያለሽ። ሲደርስ ሁለት ሦስት እርምጃ አብረሽው ትሮጫለሽ፤ መዳፉ እንደነካው ትለቂያለሽ። የእሷ ጥበብ ነበር፤ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ በቡድኑ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ውሃ አቀባይ አልነበረም። ወንድሟ በወደቀበት ቀን ግን ሰው በዝቶ ስለነበር ዳገቱን አልፋ፣ ከኩርባው በላይ መንገዱ የሚቀናበት ጋ ቆመች። እዚያ ብስክሌት ይፈጥናል። መጣ። ፊቱ በላብና በፀሐይ ያበራል፤ ከቤታቸው ሰው ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ አይታ አታውቅም። እጁን ዘረጋ፣ ያዘው፣ እሷ አብራው ሮጠች። አልለቀቀችም። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። መሪው ዞረ። ከዚያ የብረት ጩኸት፣ ከዚያ ጋጋሪው፣ ከዚያ ፀጥታ።

አባትየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። የጓሮውን በር በክርናቸው ገፍተው ገቡና ሁልጊዜ ለእግር ጉዞ የሚይዙትን ከረጢት ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር አሳረፉት። ከረጢቱ ሲያርፍ ከባድ ድምፅ ሰጠ። እሷ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነበር፤ ቦት ጫማቸውን አየች። ጫፉ ላይ ሬንጅ ነበር። ትኩስ ሬንጅ።

«አባባ፣ የት ነበሩ?»

«በእግሬ ሄድ ሄድ ስል።»

ከረጢቱን ከፈተችው። አሸዋ፣ የተፈጨ ጠጠር፣ አጭር አካፋ፣ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሬንጅ። አባትየው ከተገለበጠው ባልዲ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነውና ማሰሪያው ጊዜ ይፈጅባቸዋል። «ያቺ ብስክሌት ስትወጣ አትሰማም» አሉ ጫማቸውን እያዩ። «ስትገባ ነው። ፔዳል መርገጡን ሲያቆም የኋላ ጎማዋ ይንጣጣል። ሰባት ወር ሰምቻታለሁ።»

«ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ያኔ ሆስፒታል ውስጥ ተው ስለው እሱም ዝም አለኝ እኮ። እሺ አላለኝም። ዝምታውን እሺ ብዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ስለተመቸኝ።» አንዱን ጫማ አወለቁ። «ከዚህ እስከ ድልድዩ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ደፍኛለሁ። ከድልድዩ ወዲያ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ያችን ዳገት ግን በአውቶቡስ ሄጄ አየኋት፣ ንጹሕ ናት። የፊተኛው እንዳይደገም ነው። ያኔ ጉድጓዱን ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁት፤ ከኩርባው በላይ አንድ የመዳፍ ያህል አገኘሁ። የኔ ክልል ነው፣ ደህና ነው ብዬ ፈርሜ ያስረከብኩት መንገድ። የሰውን ልጅ የሚጥል ነገር ሳላይ አልፌ የገዛ ልጄን ጣልኩ። ከዚያ በኋላ አካፋ ያዙ ብዬ ሰው የማዝበት አፍ አልነበረኝም።»

የያዘችው እርጥብ አንሶላ ቀሚሷን አራሰው። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ውሸቱ የሚበላው እሷን ብቻ ይመስላት ነበር። ወንድሟ ለእሷ ብሎ የጣለው አንድ ቃል በግድግዳው አልፎ የሽማግሌውን ጎን ሲቦረቡር መኖሩን አላወቀችም። ፈጣሪዬ አፌን ክፈትልኝ አለች በልቧ፤ አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችና ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ጉድጓድ አልነበረም። እጄ ነው። ኮዳውን አልለቀቅኩም።»

አባትየው የሁለተኛውን ጫማ ማሰሪያ እንደያዙ ቆዩ። «ለምን?» አሉ፣ ለሥራ ጉዳይ እንደሚጠይቅ ሰው።

«አላውቅም። ደስ ብሎት ነበር። እያለፈኝ ነበር።» ቀጥሎ ያለውን ቃል ፈልጋ አጣችው፤ ከዚያ መጣላት። «ይዞኝ እንዲሄድ ፈልጌ ነው መሰለኝ።»

ሽማግሌው ከረጢቱን አዩ። አካፋውን አዩ። «አሥራ አራት ዓመት» አሉ፤ ቀጠሉና፣ ቁጣ ይሁን ሳቅ ባልለየ ድምፅ፣ «እናንተ ልጆች፣ ስንት ከረጢት ጠጠር አሸከማችሁኝ!» ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ እጃቸው ላይ ሬንጅ ስለነበር ጉንጫቸው ጠቆረ። እሷ ልትጠርግላቸው ስትነሳ እጇን ያዝ አደረጉት፣ ገልብጠው መዳፏን አዩት፣ የተሰነጠቀ አስፋልት እንደሚያይ ካቦ። ከዚያ «ኮዳው የት አለ?» አሉ።

ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ነበር። ውሃ ሞልታ አመጣችው። አባትየው አንድ እግራቸውን በጫማ፣ ሌላውን በካልሲ እንዳሉ ወደ ጓሮው ጥግ ሄደው ዞሩ። «ቁሚ እዚያ። እኔ ነኝ ብስክሌቱ።» ምርኩዛቸውን እንደ መሪ በሁለት እጃቸው ይዘው እያነከሱ መጡ፤ እሷ ኮዳውን ዘረጋች፤ ያዙት፤ ጣቶቿ አልከፈት አሉ። ሽማግሌው ወደ ጎን ተንገዳገዱና የልብሱን ገመድ ይዘው ቆሙ። «በይ ጣልሽኝ» አሉ። «እንደገና።» ሁለተኛው ላይ ቶሎ ለቃ ውሃው እግራቸው ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው ላይ ኮዳው መሬት ወደቀ። አራተኛውን አልቆጠሩትም። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ የአባቷ መዳፍ ሲነካት ጣቶቿ በራሳቸው ፈቃድ ተከፈቱ፤ ኮዳው ከእሷ ወጣ፣ እሳቸው እያነከሱ አልፈው ሄዱ፣ እሷም ባዶ እጇን ዘርግታ ከኋላ ቀረች። አልጎዳትም። የሆነ ነገር ሳባት እንጂ አልጎዳትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንድሟ ማሊያውን ሊወስድ ይሁን ተዉት ሊል፣ በጓሮ በር ገባ። አባቱ አንድ እግራቸው በካልሲ፣ ጉንጫቸው በሬንጅ ጠቁሮ፣ ምርኩዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ እሱ ሲመጡ አይቶ ባለበት ደረቀ።

«አባባ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ዳገት እየወጣሁ ነው፣ ዞር በል!»

ወንድሟ እሷን አየ፣ ኮዳውን አየ፣ የተከፈተውን ከረጢት አየ። የማያነበው ቆጣሪ የለምና አነበበው። አባትየው ባልዲው ላይ ተቀምጠው ተነፈሱ። «ስለ ጉድጓዱ» አሉ ከዚያ፣ «ነገ ከተመለስክ በኋላ ትነግረኛለህ። እያንዳንዷን። አሁን ያን ወረቀት አምጣ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው።»

ወረቀቱ ደረት ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር። ጉልበቱ ላይ ዘረጋውና ለቆጣሪ የሚጠቀምበትን እስኪርቢቶ ከጆሮው ላይ አነሳ። ባዶው መስመር ላይ ሲደርስ እጁን አቆመ፤ ቀና ብሎ እህቱን አያት። በዚያ ቀን ፊቱ ላይ ያየችው ነገር አሁንም እዚያው ነበር፤ አርጅቷል፣ ሸብቷል፣ ግን አልሄደም።

«ትይዥልኛለሽ?» አላት።

እርጥብ ጣቶቿን አየቻቸው።

«መያዙንስ ድሮም አላቃተኝም» አለች። «እለቅልሃለሁ።»